«ባሕርዩ ነው»፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ተማሪዎች የአእምሮ ሕመም ለምን ከዕይታ ይሰወራል?

በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ውስጥ ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት ወቅት ስለ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በምልከታ ቅጼ ላይ የሚከተለውን ጽፌ ነበር፦ «ከእኩዮቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ለትምህርት ፍላጎት አያሳይም፤ የዕድገት ውስንነቱ ከፍ ያለ ይመስላል።» የክፍሉን መምህርት ስለ ልጁ ስጠይቃቸው «ባሕርዩ ነው» አሉኝ፤ መልሱ በቂ መስሎኝ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፍኩ። የማንም ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፤ የቅጹ ቃል ግን የራሴ ነው።

ስሕተቴን ያረሙኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ አልነበሩም። የተማሪዎችን ምገባ የሚያዘጋጁ አንዲት እናት ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ሳይነካው የመለሰውን ምሳ እያዩ «ልጄ፣ ይህ ልጅ እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ጠዋት ጠዋት የክፍሉን ወንበሮች ሁሉ የሚደረድረው፣ የራሱን ምሳ ጨርሶ የጓደኛውን የሚጠይቀው እሱ ነበር። በየዕለቱ እጁን ይዛ የምታመጣው ታላቅ እህቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ነው የተለወጠው። በቤት ውስጥ መሄዷን የነገረው ሰው የለም፤ በጠየቀ ቁጥር «ነገ ትመጣለች» ይባላል። እኔ የከፋ የዕድገት ውስንነት ብዬ የመዘገብኩት ኀዘን ነበር፤ በኋላም እንደታየው ኀዘኑ ወደ ድባቴ ተሸጋግሮ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያን መሰሉ ስሕተት እንዴት እንደሚፈጠር ያብራራል። በተለይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ተማሪዎች ላይ ያተኩራል፤ በመስማትና በማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ዘንድ የሚታየውን ተቃራኒ ስሕተትም በአጭሩ ይዳስሳል። መነሻ ሐሳቤ አንድ ነው፦ ጉዳቱ አስቀድሞ ስም ካገኘ በኋላ በተማሪው ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ በዚያ ስም ይተረጐማል፤ በዚህም ምክንያት ሊታከም የሚችል ሕመም ሳይታከም ይቀራል።

ሁለት ነገር፣ አንድ ቃል

ችግሩ በከፊል ከቋንቋችን ይጀምራል። «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» እና «የአእምሮ ሕመም» የሚሉት ሐረጎች ሁለቱም «የአእምሮ» ብለው ስለሚነሡ በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ እንሰማለን። «የአእምሮ ችግር አለበት» የተባለ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንዳለበት ሰሚው ሊያውቅ አይችልም። በቤተሰብ መጠየቂያ ቅጾችም ላይ ያው አሻሚ ሐረግ ደጋግሞ ገጥሞኛል።

በሙያው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ አምስተኛ እትም የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን በሦስት መስፈርቶች ይወስነዋል፦ የማሰብና የመማር ችሎታ ውስንነት፣ የዕለት ተዕለት ኑሮን ራስን ችሎ ለመምራት የሚያስፈልጉ ክህሎቶች ውስንነት፣ እንዲሁም የሁለቱም መነሻ በዕድገት ዘመን መሆኑ። የክብደቱም ደረጃ የሚለካው በፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን በዋናነት ሰውየው በኑሮው ምን ያህል ድጋፍ እንደሚሻ ታይቶ ነው። የአእምሮ ሕመም በአንጻሩ በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር፣ ሊባባስ፣ ሊሻል፣ ጨርሶም ሊድን ይችላል። አንዱ ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ የዕድገት መልክ ነው፤ ሌላው በዚያ መልክ ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። ሁለቱ አይቃረኑም፤ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

አብረው መገኘታቸውም ብርቅ አይደለም። ማይክል ራተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዟ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ባደረጉት የታወቀ ጥናት፣ ከጠቅላላው የደሴቲቱ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች የአእምሮ ጤና መታወክ የታየባቸው 7 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ፣ የአንጎል ጉዳት ወይም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ልጆች መካከል ግን አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ታይቷል። ኤሪክ ኤመርሰንና ክሪስ ሃተን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት የብሪታንያ ጥናት ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች 36 በመቶ፣ ከሌሎቹ 8 በመቶ የአእምሮ ጤና መታወክ መስፈርትን አሟልተዋል። ተመራማሪዎቹ የልዩነቱን ከፊል ምክንያት በድህነትና በቤተሰብ ኑሮ ጫና ውስጥ ማግኘታቸው ለእኛ አገር አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ውስንነቱ ራሱ ብቻውን ሕመሙን አይወልደውም ማለት ነውና።

መዛመት

አንድ መለያ መላውን ሰው የሚሸፍንበትን መንገድ ቀድመው ካጠኑት መካከል ታማራ ዴምቦና ቢያትሪስ ራይት ይገኙበታል። ራይት እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው የአካል ጉዳትን ሥነ ልቦና የሚመለከት መጽሐፍ «መዛመት» ብለን ልንተረጉመው የምንችል ጽንሰ ሐሳብ ሰፊ ቦታ ይዟል። ተመልካቹ በሰውየው ላይ ካየው አንድ ጉዳት ተነሥቶ፣ ከጉዳቱ ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው ችሎታዎቹና ጠባዮቹም ይፈርዳል። ለዊልቸር ተጠቃሚ ጮክ ብሎ መናገር፣ ዓይነ ስውሩን ትቶ አብሮት ያለውን ሰው «ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ የመዛመት ምሳሌዎች ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ማስረጃ ያቀርባል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ ያው ቃል ዕውቀት የሌለው ማለትም ነው። የጆሮ ጉዳት በአንድ ቃል ውስጥ ወደ አእምሮ ተዛምቷል። ዛሬ በልዩ ፍላጎት ትምህርት «መስማት የተሳናቸው» የምንለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ቃል ስለ ሰውየው የሐሰት መረጃ ስለሚሰጥም ነው።

የምርመራ ግርዶሽ

መዛመት ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ የሚያስከትለውን ስሕተት እ.ኤ.አ. በ1982 ስቲቨን ሪስና ባልደረቦቹ ስም አወጡለት። የተለመደ የአማርኛ አቻ ስላላገኘሁለት «የምርመራ ግርዶሽ» ብየዋለሁ። በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይዋ በቦታዋ አለች፤ ከፊቷ የቆመው አካል ግን እንዳትታይ ያደርጋታል። እዚህም የዕድገት ውስንነቱ ከሕመሙ ፊት ይቆማል።

የሪስ ቡድን ሙከራ ቀላል ነበር። ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ኑሮውን የሚያውክ ብርቱ ፍርሃት ስላለበት ሰው የሚተርክ ጽሑፍ ተሰጣቸው። የፍርሃቱ ገለጻ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ በአንዳንዶቹ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሰውየው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት እንዳለበት የሚጠቁም መረጃ ገባ። ይህን መረጃ ያነበቡት ባለሙያዎች ያንኑ ፍርሃት ራሱን የቻለ የሥነ ልቦና መታወክ አድርገው የመቁጠር ዝንባሌያቸው አነስተኛ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት የታተመው ተከታይ ጥናት ይበልጥ የሚያሳስብ ነው፦ ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር የመሥራት ልምድ ባለሙያዎቹን ከስሕተቱ አልጠበቃቸውም። ይህን ሳነብ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉት መምህርትና ገና ጀማሪ የነበርኩት እኔ በአንድ ልጅ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠታችን እምብዛም አላስገረመኝም።

ግርዶሹ የሚፈጠረው በተመልካቹ ግምት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ በውስንነት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ሮበርት ሶቭነር እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን በአራት መንገዶች አስረድቷል። የመጀመሪያው የውስጥ ስሜትን በቃል የመግለጽ ችግር ነው። ድባቴን ለመለየት የምንጠቀምባቸው መጠይቆች ጠያቂውና ተጠያቂው ስለ ስሜት መነጋገር እንደሚችሉ ታሳቢ ያደርጋሉ። በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ በአዋቂዎች ላይ አስተማማኝነቱ የተፈተነው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ ለምሳሌ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። «ትናንት» እና «ባለፈው ወር» የሚምታቱበት ተማሪ «ሁለት ሳምንት»ን በምን ይለካዋል? በዚያ ላይ ብዙዎቹ ተማሪዎች ጠያቂውን ለማስደሰት ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ይላሉ። «ከፍቶሃል?» ሲሉት አዎ፤ «ደስ ብሎሃል?» ሲሉትም አዎ።

ሁለተኛው መንገድ ከኑሮ ጥበት ይመነጫል። ሕመም ይዘቱን የሚወስደው ከሰውየው የሕይወት ልምድ ነው። ስሜቱ ከልክ በላይ የናረ አዋቂ ሰው «ሚኒስትር ሆኜ ተሾሜአለሁ» ቢል ቤተሰቡ ይደነግጣል። ዓለሙ ከቤትና ከትምህርት ቤት የማያልፍ ተማሪ ግን «ከነገ ጀምሮ የዚህ ክፍል መምህር እኔ ነኝ» ቢል፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ቢያድርም እንኳ፣ ሰዎች ስቀው ያልፉታል፤ የልጅ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው በጭንቀት ጊዜ አስተሳሰብና ንግግር በፍጥነት መበታተናቸው ሲሆን፣ ይህ ከእውነታ ጋር መለያየት ከሚታይበት ከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር ሊምታታ ይችላል።

አራተኛው ለመምህር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው ብዬ አምናለሁ፦ የነባር ባሕርይ መጋነን። ሕመሙ ቀድሞ ያልነበረ ምልክት ላያመጣ ይችላል፤ የነበረውን ያባብሰዋል። አልፎ አልፎ ራሱን በእጁ ይመታ የነበረ ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ መምታት ይጀምራል፤ ቀድሞም ዝምተኛ የነበረችው ጨርሳ ዝም ትላለች። መምህሩ «ድሮም ይመታ ነበር»፣ «ድሮም አትናገርም» ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ያመለጠው መጠኑ ነው። «ባሕርዩ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አደገኛ የሚሆነውም ግማሽ እውነት ስላለበት ነው።

ተቃራኒው ስሕተት

ግርዶሹ ሕመምን ሲሰውር፣ ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ በሌለበት ያሳያል። መስማት ከተሳናቸው ሕፃናት አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ በቤታቸው የምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው አያገኙም። ትምህርት ቤት እስኪገቡ ድረስ የተሟላ ቋንቋ ሳይለምዱ የሚቆዩም አሉ። እንዲህ ያለው ወጣት በምልክት ሲተርክ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ፣ የድርጊቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊደበዝዝ ይችላል። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ያልሠለጠነ ሐኪም ይህን በወንድም ወይም በጎረቤት አስተርጓሚነት ሲሰማ የሐሳብ መበታተን ሊመስለው ይችላል፤ ስሜትን ለመግለጽ የሚንቀሳቀሱት እጆችና ፊትም ቁጣ ይመስሉታል። በማየት የተሳናቸው ልጆች ዘንድ የሚታየው ሰውነትን የማወዛወዝና ዓይንን የመጫን ልማድም እንዲሁ ለሕመም ምልክትነት ይወሰዳል። ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚመነጨው ከአንድ ጉድለት ነው፤ መርማሪው ልጁ በደኅና ጊዜው ምን እንደሚመስል አያውቅም።

ቤተሰቡ የሚያውቀው

የልጁን ነባር ሁኔታ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ይሁንና ቤተሰቡ የሚያውቀውን እንዳይናገር የሚያግደው ብዙ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ቤተሰቦች የጠየቀውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የጥናት ውጤት፣ ከተጠየቁት ዘመዶች መካከል አብዛኞቹ መገለል እንደደረሰባቸው አሳይቷል። በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የዕድገት መታወክ ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 ሰዎች ላይ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም የኀፍረትና የመደበቅ ስሜት እንዳለ መዝግቧል። በልጇ የዕድገት ውስንነት ምክንያት ከጎረቤት ያራቋት እናት ሁለተኛ መለያ ለመጨመር ብትሸሽ አይፈረድባትም።

ጸበል ስለሚወስዱ ቤተሰቦች ባለሙያዎች የሚናገሩበት ቃና አንዳንድ ጊዜ ያሳዝነኛል። ልጁን ጸበል የወሰደች እናት ለውጡን ያስተዋለች እናት ናት፤ «ባሕርዩ ነው» ብላ አልተቀመጠችም። «መቼ ወሰድሽው? ያን ጊዜ ምን አይተሽበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ ለማወቅ ከብዙ መጠይቆች ይልቅ ጠቅሞኛል። እናቲቱን ከመገሠጽ ይልቅ ጸበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን እንዲሄዱ፣ የተጀመረ መድኃኒትም እንዳይቋረጥ መነጋገር ይሻላል።

መምህሩ ምን ማድረግ ይችላል?

መምህሩ ሕመሙን አይመረምርም፤ መድኃኒትም አያዝም። ለውጥን መመዝገብ ግን ከእሱ የተሻለ የሚችል የለም። ልጁ ደኅና በነበረበት ጊዜ የተጻፈ አንድ ገጽ በቂ ነው፦ ምን ያህል ይበላል፣ ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ምን ያስደስተዋል፣ ራሱን የሚመታ ከሆነ በቀን ስንት ጊዜ፣ ቤተሰቡ እንደሚለው ስንት ሰዓት ይተኛል። ይህ ገጽ በመስከረም ከተጻፈ በጥር የሚታየው ለውጥ በቁጥር ይነገራል። «ተረብሿል» ከሚለው ማስታወሻ ይልቅ «በመስከረም በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሁን አሥራ አምስት ጊዜ» የሚለው ለሐኪም ይናገራል። እኔ በሞላሁት ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ የዛሬውን እንጂ የትናንቱን አይጠይቅም።

ለውጡ ሲታይ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት አካሉ ነው። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ልጅ የጥርስ ወይም የጆሮ ሕመሙን በጩኸትና ራሱን በመምታት ሊናገር ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም መጠየቅ አለበት። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል አንዳንዱን ልጅ ያፈዘዋል፣ ሌላውን ደግሞ ቁጡና ቅብጥብጥ ያደርገዋል፤ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ በሐኪም ሲስተካከል ባሕርይ የመሰለው ነገር ሊጠፋ ይችላል። ቤተሰቡ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጠው ግን ብርቱ የመውደቅ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል መምህሩ ይህንንም ማሳሰብ ይኖርበታል። ቀጥሎ በኑሮው የተለወጠ ነገር ይጠየቃል፦ ማን ሄደ፣ ማን ሞተ፣ ቤት ተቀየረ ወይ፣ የሚመታው ወይም የሚያስፈራራው ሰው አለ ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን፤ ጥቃትን መናገር የማይችል ልጅ ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ሳለ።

ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ተቋም መላክ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ልጅ ለሁለት መሥሪያ ቤት ይከፈላል። የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂውም ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂውም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ የመጀመሪያው በትምህርት ሚኒስቴር፣ ሁለተኛው በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነው። በልምምድ ወቅት እንዳየሁት ከትምህርት ቤት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ወረቀት «የአእምሮ ችግር» ከሚል ቃል የዘለለ አይዝም፤ ከጤና ጣቢያ የሚመለሰውም «የልዩ ፍላጎት ተማሪ ነው» ይላል። ይህ የግርዶሹ ተቋማዊ መልክ ነው። መላኪያው ከላይ የተገለጸውን ባለ ቁጥር ገጽ ከያዘ፣ የሥነ አእምሮ ነርሱ ጠባይን ለማብረድ ብቻ የሚያፈዝ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የሚያስብበት ነገር ያገኛል።

የ14 ዓመቱን ልጅ ያየችው የሥነ አእምሮ ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችው ክብደቱንና እንቅልፉን ነበር። ድባቴ መሆኑን ከገለጸች በኋላ መድኃኒት ከማስጀመሯ በፊት ቤተሰቡ እውነቱን እንዲነግረው መከረች። አያቱ የእህቱን ፎቶግራፍና የአውሮፕላን ሥዕል አሳይተው መሄዷን ነገሩት፤ ሁለት ቀን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ በስልክ ምስሏን ያያል፤ መምህርቷም በክፍሉ ግድግዳ ላይ እሑድን በቀይ ያቀለሙበት የቀን መቁጠሪያ ሰቀሉለት። ልምምዴን ስጨርስ ምሳውን በከፊል ይበላ ነበር፤ ወንበሮቹን ግን ገና አልደረደረም። ከመሄዴ በፊት የምልከታ ቅጼን አስመልሼ የመጨረሻውን ሐረግ ሰረዝኩና «እህቱ ከሄደች ወዲህ» ብዬ ጻፍኩበት።